የአክሲዮን ጠቢብ ነኝ የሚለው ሰው በምን ይመረመራል?

የፎገራ ሜዳ በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት፣ በበጋ ደግሞ የሩዝ ነዶ የሚከመርበት ለም አገር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዘው መንገደኛ ይህን ሜዳ ሲያቋርጥ ወረታን ያገኛል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያው ነው። ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተፈትጎ በሚሸጥበት ወራት፣ በገበሬው ቤት ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ገንዘብ ለጥቂት ሳምንታት ይታያል። ይህ ገንዘብ ግን ትርፍ ገንዘብ አይደለም። የማዳበሪያው ዕዳ፣ የልጆቹ የትምህርት ወጪ፣ የሚተካው በሬ ዋጋ፣ የሰንበቴውና የዝክሩ ድግስ ሁሉ የሚጠባበቁት እርሱን ነው።

በዚሁ ወራት ሌላ ድምፅ ወደ ቤቱ ይገባል። በር አንኳኩቶ የሚገባ አይደለም፤ በልጁ እጅ ባለው ስልክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚመጣ ነው። ተናጋሪው ከውድ መኪና አጠገብ ቆሞ፣ ከድህነት ተነሥቶ በጥቂት ወራት እንደ በለጸገ ይተርካል፤ የአክሲዮንን፣ የውጭ ምንዛሪን ወይም ክሪፕቶ የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ዋጋ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ይምላል፤ በመጨረሻም ምስጢሩን በክፍያ እንደሚያስተምር ወይም ገንዘቡን ተቀብሎ እንደሚነግድለት ይነግረዋል። ልጁም ያምናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር የአንድ ወጣት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የበሬው ዋጋና የእኅቱ የትምህርት ገንዘብ አብረው ይሄዳሉና።

ራሱን ታላቅ አድርጎ የሚናገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ዘመን በሰማርያ የነበረው ሲሞን መሠርይ ስለ ራሱ ታላቅነት እየተናገረ ሕዝቡን ከታናሽ እስከ ታላቅ አስደንቆ እንደ ነበር በግብረ ሐዋርያት ስምንተኛ ምዕራፍ ተጽፏል። በዚያው መጽሐፍ በዐሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ደግሞ የቤርያ ሰዎች የቅዱስ ጳውሎስን ትምህርት እንኳ ሳይመረምሩ እንዳልተቀበሉ፣ ስለዚህም እንደ ተመሰገኑ እናነባለን። የሐዋርያውን ቃል መመርመር የሚያስመሰግን ከሆነ፣ በስልክ የሚመጣውን የእንግዳ ሰው ቃል መመርመር እንዴት ነውር ይሆናል?

ገበያውና ነጋሪው ይለዩ

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። አክሲዮን መግዛት በራሱ ኃጢአትም ማታለልም አይደለም። አክሲዮን ማለት ከአንድ ድርጅት ሀብት ድርሻ መያዝ ነው፤ ድርጅቱ ሲያተርፍ ባለድርሻው ይካፈላል፣ ሲከስርም ይጎዳል። በአገራችን የአክሲዮን ግብይት እ.ኤ.አ. በ1965 በብሔራዊ ባንክ አማካይነት በአዲስ አበባ ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የ1966ቱ አብዮት ሲመጣ ቆመ። ከብዙ ዘመን በኋላ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጣ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተመረቀ፤ ወጋገን ባንክም በዚያ ገበያ በመመዝገብ የመጀመሪያው ሆነ።

በዚያው ዓመት፣ ከጥቅምት 6 ቀን ጀምሮ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ሆኖ፣ አንድ ሰው ቢያንስ 33 አክሲዮን በ9,900 ብር እንዲገዛ ተፈቀደ። የቀረቡት አክሲዮኖች 100 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ሽያጩ የካቲት 7 ቀን ሲዘጋ የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ገዥዎቹም ከ47 ሺህ ይበልጡ ነበር።

ይህ በር በሕግ የተከፈተ በር ነው። በዚህ የሚገባ ሰው የሚሸጥለት ድርጅት ማን እንደ ሆነ፣ ሒሳቡ ምን እንደሚመስል፣ ቅር ቢለው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። የአክሲዮን ባለቤት መሆን ሌላ ነው፤ በየሰዓቱ በሚወጣውና በሚወርደው ዋጋ ላይ መወራረድ ሌላ ነው። «ጠቢብ ነኝ» የሚለው ሰው የሚጠራን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ነው።

የሩዙ ምስክርነት

የፎገራ ገበሬ ይህን ሰው ለመመርመር ከሩቅ አገር ጥበብ መፈለግ አያስፈልገውም። የራሱ ሩዝ ያስተምረዋል። ሩዝ በዚህ ሜዳ ጥንታዊ እህል አይደለም፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ሌላ እህል ስለማይስማማው፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተለመደ ነው። በደርግ ዘመንም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ ማልማትን አሳይተው ነበር። ገበሬው ሩዝን የተቀበለው ባለሙያ ስላመሰገነው ብቻ አይደለም። በጥቂት መሬት ተዘርቶ፣ ውሃው በበዛበትና ባነሰበት ዓመት ምን እንደ ሰጠ በዓይኑ አይቶ ነው።

ዛሬም ወረታ በሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ሥራ ላይ ያለው ሥርዓት ይኸው ነው። የዝርያ ተመራማሪዎች አዲሱን ዝርያ ብቻውን ዘርተው «እንዴት ያማረ ነው!» አይሉም። ገበሬው ከሚያውቀው ዝርያ ጎን ለጎን ይዘሩታል፤ በልዩ ልዩ ቦታና በልዩ ልዩ ዓመት ይፈትኑታል፤ የደረቀበትንም ማሳ ከመዝገቡ አይፍቁም።

ከዚህ ሥርዓት ለጉዳያችን አራት መለኪያዎች እናገኛለን። አንደኛ፣ የሰውየው ሥራ ነገሩ ከመሆኑ በፊት የተመዘገበ ይሁን። ሁለተኛ፣ ትርፉም ኪሳራውም ያለበት ሙሉ መዝገብ ይሁን። ሦስተኛ፣ ከማወዳደሪያ ጋር ይቁም፤ ማለትም ምንም ጥበብ የሌለው ሰው በተራ መንገድ ያገኝ ከነበረው በልጦ እንደ ሆነ ይታይ። አራተኛ፣ ከሰውየው ጥቅም የሌለው ሌላ መርማሪ የመዘነው ይሁን። የመጀመሪያው መለኪያ ከኦሪትም ዘንድ አለ፤ በዘዳግም ዐሥራ ስምንተኛ ምዕራፍ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው አስቀድሞ የተናገረው ተፈጽሞ እንደ ሆነ እንዲታይ ታዟል። ከሆነ በኋላ «ዐውቄ ነበር» የሚልን ማን ያጣዋል?

የቢርድስታውን ሴቶች

እነዚህ መለኪያዎች ሐሰተኛውን ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ቅን ሰው ሳያውቅ የሚሳሳተውንም ለመግለጥ ይጠቅማሉ። በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ቢርድስታውን የምትባል በእርሻ አገር መካከል ያለች ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሴቶች እንደ ዕቁብ በየወሩ እያዋጡ አክሲዮን የሚገዙበት ማኅበር ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1993 በየዓመቱ በአማካይ 23.4 በመቶ እንዳተረፉ ተናገሩ። በቴሌቪዥን ቀረቡ፤ የጻፉት መጽሐፍም እጅግ ብዙ ሰው ገዛው፤ አያቶች የገበያውን ሊቃውንት በለጡ ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ግን የአንድ መጽሔት ጸሐፊ ሒሳቡን ጠየቀ። ነገሩ ሲመረመር፣ ሴቶቹ በየወሩ ያዋጡትን ገንዘብ ራሱን ከትርፉ ጋር ደምረውት ኖሯል። ፕራይስ ዋተርሐውስ የተባለው የሒሳብ መርማሪ ድርጅት ደግሞ ሲያሰላው፣ የእነዚያ ዓመታት እውነተኛ ትርፍ 9.1 በመቶ ብቻ ሆነ። በዚያው ዘመን የአሜሪካን ታላላቅ ድርጅቶች አክሲዮን ሳይመርጥ በጅምላ የያዘ ሰው በየዓመቱ 14.9 በመቶ ያገኝ ነበር። ይህም አንድ ገበሬ ከማሳው 10 ኩንታል አግኝቶ፣ ከገበያ የገዛውን 4 ኩንታል ጨምሮ «መሬቴ 14 ኩንታል ሰጠኝ» እንደማለት ነው።

እነዚያ ሴቶች ሌቦች አልነበሩም፤ ስሕተታቸውንም ተቀብለው ይቅርታ ጠይቀዋል። ነገር ግን ቅንነታቸው ሒሳባቸውን አላቀናውም። እንግዲህ ሙሉ መዝገብ፣ ማወዳደሪያና ውጫዊ መርማሪ ለቅኑ ሰው እንኳ ካስፈለጉ፣ ከስልኩ ላይ አንድ የትርፍ ሥዕል ብቻ ቆርጦ ለሚያሳየን ሰው ምን ያህል ያስፈልጉ ይሆን?

አምስት ጊዜ ያልተሳሳተው

«እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ አምስት ጊዜ ተናገረ፣ አምስቱም ጊዜ ሆነ» የሚል ወጣት ይኖራል። ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ለ640 ሰዎች መልእክት ይልካል፤ ለ320ዎቹ «የእገሌ አክሲዮን ነገ ይወጣል» ብሎ፣ ለቀሩት 320 ደግሞ «ይወርዳል» ብሎ። በነጋታው አንደኛው መሆኑ አይቀርም። የተሳሳተባቸውን ትቶ እውነት ለሆነላቸው 320 ሰዎች እንደገና ለሁለት ከፍሎ ይልካል። በዚህ አኳኋን 160፣ ከዚያ 80፣ ከዚያ 40፣ በመጨረሻ 20 ሰዎች ይቀራሉ። እነዚህ 20 ሰዎች አምስት ጊዜ በተከታታይ ሳይሳሳት በዓይናቸው አይተውታል፤ ቢምሉም በሐሰት አልማሉም። ሰውየው ግን ስለ ገበያው አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም።

ተንኰል ባይኖርም እንኳ ነገሩ ያው ነው። ሺህ ወጣቶች በግምት ቢነግዱ ጥቂቶቹ በዕድል ብቻ ያተርፋሉ፤ ያተረፉት ይናገራሉ፣ የከሰሩት ዝም ይላሉ። እኛም የምንሰማው የተናጋሪዎቹን ድምፅ ብቻ ነው።

የማይሞላና የማይጎድል ወንዝ

ርብና ጉማራ በክረምት ይሞላሉ፣ በበጋ ይጎድላሉ። ክረምት ከበጋ አንድ ልክ የሚወርድ ወንዝ አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ የፎገራ ሰው ይስቅበታል። የንግድም ትርፍ እንዲሁ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሳያቋርጥ የሚመጣ ትርፍ ቃል ሲገባልን መደሰት ሳይሆን መጠራጠር ይገባናል።

ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው 10,000 ብር ይዞ በየሳምንቱ 10 በመቶ ቢያተርፍና ትርፉን ሳያወጣ ቢነግድበት፣ በዓመቱ 1,420,000 ብር ያህል ይኖረዋል። በሁለተኛው ዓመት ከ200 ሚሊዮን ብር ያልፋል። በሦስተኛው ዓመት ከ28 ቢሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮም ለመላው ሕዝብ ያቀረበው 10 በመቶ ድርሻ ዋጋው 30 ቢሊዮን ብር ነበር። እንዲህ ያለ ጥበብ ያለው ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ሁሉ ለብቻው ለመግዛት ከተቃረበ፣ የወረታን ልጅ 5,000 ብር ለምን ይለምናል? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ትርፉ መጠነኛ ሆኖ ሲታይም ጥንቃቄ አይቅር። በኒው ዮርክ በርናርድ ማዶፍ የሚባል የተከበረ ነጋዴ ለብዙ ዓመታት በዓመት 10 በመቶ ገደማ የሆነ፣ መውጣት መውረድ የሌለበት ትርፍ ያሳይ ነበር። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ የሒሳብ ዐዋቂ «እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ትርፍ ሊኖር አይችልም» ብሎ ለመንግሥት ደጋግሞ ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ማዶፍ ሲያዝ፣ በወረቀት ላይ የተጻፈው 65 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሀብት በእጁ የለም ነበር፤ የፊተኛውን ሰው የሚከፍለው ከኋለኛው በተቀበለው ገንዘብ ኖሯል። 150 ዓመት እስራት ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ2021 በወኅኒ ቤት ሞተ።

ለእኛ ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ይህ ነው፤ ማዶፍ ብዙዎቹን ያጠመደው በራሱ የእምነት ወገኖች መካከል ነበር። የሰላም የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኤሊ ዊዝል ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንኳ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል አጥቷል። የሚያታልል ሰው የጋራውን ጸሎት፣ የጋራውን ማኅበርና የጋራውን አገር እንደ መያዣ ያቀርባል። ስለዚህ ነጭ ለብሶ፣ መስቀል አጥልቆ፣ በእግዚአብሔር ስም ጀምሮ የሚናገር ሰው ሲመጣ፣ አክብሮታችን ሳይቀንስ ምርመራችን ይበርታ። ሃይማኖቱ የሒሳቡ ምስክር አይደለምና።

እንጀራው ከየት ነው?

«የቀን ነጋዴ» መሆን ብዙ ሰው የሚኖርበት ሙያ ቢሆን ኖሮ ሌላው አገር ያሳየን ነበር። የአውሮፓ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ በብድር ኃይል በዋጋ ልዩነት ላይ ከሚወራረዱት ተራ ሰዎች መዝገብ ከመቶው ከ74 እስከ 89 የሚሆነው ገንዘቡን ያጣ ነበር። በብራዚልም ተመራማሪዎች በዚህ ሥራ ከ300 ቀን በላይ የጸኑትን ሰዎች ተከታትለው፣ ከመቶው 97ቱ እንደ ከሰሩ አገኙ፤ ከአገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ የበለጠ ያገኙት ከመቶው አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ መምህር ነኝ ባዩ እንጀራውን የሚያገኘው ከየት ነው? አንዳንዱ ከትምህርቱ ክፍያና በየወሩ ከሚሰበስበው መዋጮ፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሚነግዱበት ድርጅት አዲስ ሰው ባመጣ ቁጥር ከሚቀበለው ድለላ ነው። ሌላው አስቀድሞ ርካሽ ነገር ገዝቶ ተከታዮቹ እንዲገዙ ያደርግና ዋጋው ሲወጣ ለእነርሱው ይሸጥላቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው አጭር ነው፤ «ባለፈው ዓመት ከገበያው ያገኘኸው ስንት ነው? ከተማሪዎችህ የሰበሰብኸውስ? መዝገቡን የመረመረልህ ማነው?» ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ወይም ጠያቂውን «እምነት የሌለህ፣ ድህነት የወደድህ» ብሎ የሚሳደብ ከሆነ፣ መልሱን ሰጥቷል።

ቀድሞ የተከፈለው ጎረቤትም ምስክር አይሁን። እ.ኤ.አ. በ1920 በቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን 50 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ መጀመሪያ የመጡትን በእርግጥ ከፈላቸው፤ እነርሱም በደስታ ወንድሞቻቸውን ጠሩ። የከፈላቸው ግን ኋላ ከመጡት ገንዘብ ነበር።

ሕጉ የሚለው

በአገራችን ሕግ በካፒታል ገበያ የሚያገበያይም ሆነ የኢንቨስትመንት ምክር በክፍያ የሚሰጥ ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፈቃድህ የታለ?» ይሁን፤ ያሳየውም ወረቀት እውነተኛ እንደ ሆነ ከባለሥልጣኑ ይጠየቅ። ሰው ባመጣህ ቁጥር ትከፈላለህ የሚለውን የፒራሚድ ዘዴ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከልክሎታል። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ በኢትዮጵያ ሕጋዊ መክፈያ አለመሆኑን አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ገንዘብህን ለማውጣት አስቀድመህ «ግብር» ወይም «የመክፈቻ ክፍያ» ላክ የሚል ካለ፣ ቀድሞ የተላከው ገንዘብ መሄዱን ዕወቅ።

በቤተ ሰብ መካከል

ልጁ መጥቶ «አባቴ፣ ከሩዙ ገንዘብ ጥቂት ይስጡኝ፤ በወር እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» ቢል፣ አባት በቁጣ ማባረር አይገባውም፤ የተባረረ ልጅ በስውር ይበደራልና። «ልጄ፣ ና ተቀመጥ። ይህ ሰው ያለፈውን ሁለት ዓመት ትርፉንና ኪሳራውን ሙሉ አሳየኝ። አሁን ደግሞ የሚናገረውን ሁሉ ከነቀኑ በደብተር ጻፍ፤ አንድ ሳንቲም ሳንሰጥ እስከ ፋሲካ እንጠብቅ፤ ከዚያ አብረን እንቁጠር» ይበለው። ደብተሩ ከአባት ቁጣ ይልቅ ያስተምራል። እውነተኛ ጥበብ ከሆነ እስከ ፋሲካ አይጠፋም፤ «ዛሬ ካልገባህ በሩ ይዘጋል» የሚል ከሆነ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እናስታውስ።

እናትም የቤቱን ገንዘብ ትከፋፍል፤ የዘሩ፣ የዕዳው፣ የትምህርቱና የበሬው ዋጋ በምንም ዓይነት ግምት ላይ አይውጣ። ተበድሮም በዋጋ ላይ መወራረድ ፈጽሞ አይገባም። ከዚህ ተርፎ አክሲዮን ለመግዛት የሚፈልግ ቤተ ሰብ ካለ፣ በሕግ በታወቀ መንገድ፣ ቢጎድል ቤቱን በማያናጋ መጠን፣ የድርጅቱን ሒሳብ የሚያነብለት ሰው ጠይቆ ይግዛ።

አስቀድሞ የተታለለ ካለ ደግሞ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ዝምታው እንዳይጎዳው እንጠንቀቅ። በኀፍረት የተደበቀ ኪሳራ ብዙ ወጣት ከቤቱ አስኰብልሎታል፤ የጠፋውን ለመመለስ ሲልም ሌላ ገንዘብ አስጨምሮታል። ለወላጆቹና ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ የላከበትን ደረሰኝና መልእክት ሳያጠፋ ለፖሊስ ያመልክት። ቤተ ሰቡም የጠፋውን ገንዘብ እየቆጠረ ልጁን ደግሞ እንዳያጣ በትዕግሥት ይቀበለው።

የፎገራ ገበሬ ያልታየ ዘር በሙሉ ማሳው አይዘራም። የገበያ ጠቢብ ነኝ ባይም ሲመጣ በዚያው ልማድ ይቀበለው፤ መዝገቡን ይጠይቅ፣ ከማወዳደሪያ ጋር ያቁመው፣ በሌላ እጅ ያስመዝነው፣ እንጀራው ከየት እንደ ሆነ ይመልከት። ለዚህ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ለመጠየቅ አለማፈር ብቻ ይበቃል። የላባችንን ፍሬ የሰጠን አምላክ፣ የምንጠብቅበትንም ማስተዋል ይስጠን።